የፖርት ኤለን ዊስኪ ከ41 ዓመት በኋላ ተመለሰ፤ የከተማዋ ዕጣስ በማን እጅ ነው?

በማርች 2024፣ በስኮትላንድ ምዕራብ ጠረፍ ካሉት ደሴቶች በአንዷ ላይ፣ 41 ዓመት ተዘግቶ የኖረ የዊስኪ ፋብሪካ እንደገና እሳት ነደደበት። ደሴቷ አይላ ትባላለች፤ በላቲን ፊደል ስትጻፍ «ስ» አለባት፣ ግን አይነበብም። ከተማዋ ፖርት ኤለን ነች። ነዋሪዋ አንድ ሺህ እንኳ አይሞላም፤ ቤቶቿ በባሕሩ ወሽመጥ ዙሪያ ነጭ ተቀብተው የተደረደሩ ትንሽ ወደብ ናት። ፋብሪካውም ስሙን የወሰደው ከእርሷ ነው።

ዜናው በዊስኪ ወዳጆች ዘንድ እንደ ትንሣኤ ተወራ። ከወሬው ይልቅ እኔን የያዘኝ ቀላል የመደመር ሒሳብ ነው። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ፋብሪካው የተቋቋመው በ1825 ነው። ከ1930 አካባቢ እስከ 1967 ተዘግቶ ነበር። በ1983 እንደገና ተዘጋና እስከ 2024 ቆየ። ሁለቱ ሲደመሩ 80 ዓመት ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። ከ199 ዓመት ዕድሜው ከአምስት ሁለት እጁን ያሳለፈው በዝምታ ነው ማለት ነው። ስለ ስኮትላንድ ዊስኪ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ከአባት ወደ ልጅ ሳይቋረጥ ስለወረደ ሙያ ይተርካል፤ የፖርት ኤለን ታሪክ ግን ደጋግሞ የተቋረጠ ነው። በ1983 ሲቆምም ሆነ በ2024 ሲጀመር ደግሞ ውሳኔው የተሰጠው በደሴቷ ላይ አልነበረም።

ይህ ነጥብ ዛሬ ከመቼውም በላይ ያሳስባል። የስኮትላንድ ዊስኪ ገበያ ከረጅም የዕድገት ዘመን በኋላ እየቀዘቀዘ ነው፤ አይላ ላይ ግን አዳዲስ ፋብሪካዎች እየተጨመሩ ነው። በ1983 የሆነውን የሚያስታውስ ሰው ሁለቱን ነገሮች አጠገብ ለአጠገብ ሲያይ መጨነቁ አይቀርም።

ከመነሻው እንያዝ። ፖርት ኤለንን በ1821 የቆረቆራት የአይላ ባለርስት የነበረው ዋልተር ፍሬደሪክ ካምቤል ነው። ስሟንም በሚስቱ በኤሊኖር ሰየማት። ሚስቱ በወጣትነቷ በ1832 ስትሞት፣ በወሽመጡ አፍ ላይ ካሪግ ፋዳ የሚባለውን የመርከብ መብራት ማማ ለመታሰቢያዋ አሠራላት። እንደ ብዙዎቹ የመብራት ማማዎች ክብ ሳይሆን አራት ማዕዘን ነው፤ ዛሬም እዚያው ቆሟል።

መንደሯ በተቆረቆረች በሁለተኛው ዓመት የለንደን መንግሥት አንድ ሕግ አወጣ። ከዚያ በፊት የደጋማው ስኮትላንድና የደሴቶቹ ገበሬ ከገብሱ መጠጥ የሚያወጣው በአብዛኛው ተደብቆ ነበር። ቀረጡ ከባድ ስለነበር ሕጋዊ መሆን አያዋጣም። ቀረጥ ሰብሳቢው ሲመጣ ማንጠሪያው ዋሻ ይገባል፣ ሲሄድ ይወጣል። የ1823ቱ ሕግ ቀረጡን ከግማሽ በላይ ቀነሰና በ10 ፓውንድ ፈቃድ ማውጣት ፈቀደ። ተደብቆ መሥራት ጥቅሙ አነሰ። ባለርስቶችም ሕጋዊ ፋብሪካ በመሬታቸው ላይ ሲከፈት ኪራዩም የገብሱ ገበያም ለእነርሱ እንደሆነ ገባቸው። የፖርት ኤለን ፋብሪካ የተከፈተው ሕጉ በወጣ በሁለት ዓመቱ ነው። ዛሬ ዝናቸው ዓለምን ያዳረሰው ላፍሮይግ፣ ላጋቩሊንና አርድቤግ ከከተማዋ በስተምሥራቅ በአንድ የባሕር ዳር መንገድ ላይ ተከታትለው ይገኛሉ፤ በእግር የሚደረስባቸው ናቸው። ሁሉም የዚያው ዘመን ልጆች ናቸው።

በአንድ ትልቅ የፋብሪካ ግንብ ላይ ስሙ በጥቁር ፊደል፣ በሰው ቁመት ልክ ተጽፎ በፎቶ ያየ ሰው ለማስታወቂያ ይመስለዋል። ጽሑፉ ግን ፊቱን ወደ መንገድ ሳይሆን ወደ ባሕር ነው ያዞረው። መንገዱ ለዕቃ በማይመችበት ዘመን ገብሱ፣ የድንጋይ ከሰሉና ባዶ በርሜሉ የሚመጣው በትንንሽ የእንፋሎት ጀልባ ነበር። የተሞላው በርሜልም የሚወጣው በዚያው ነው። ካፒቴኑ ከባሕር ላይ ሆኖ የትኛው ደጃፍ ላይ መቆም እንዳለበት የሚያውቀው ከግንቡ አንብቦ ነው። አይላ ላይ ዊስኪና መርከብ መቼም ተለያይተው አያውቁም፤ ወደዚህ ነጥብ እመለሳለሁ።

ፋብሪካውን ትልቅ ያደረገው ጆን ራምዚ ነው። ከ1830ዎቹ ጀምሮ እስከ ሞተበት እስከ 1892 ድረስ ከሥራው አልተለየም። ዊስኪውን በቀጥታ ወደ አሜሪካ በመላክ ከቀደምቶቹ አንዱ ነበር። በኋላ የፓርላማ አባል ሆነ፤ በ1855 ደግሞ ፖርት ኤለን ያለችበትን የኪልዳልተን ርስት ገዛ። የራምዚ ነገር ግን ሌላም ገጽ አለው። ከ1846 ጀምሮ ድንቹ በበሽታ ሲጠፋ ሕዝቡ ተራበ። ባለርስቱ ካምቤል ራሱ ከሰረ፤ ደሴቲቱም ለዕዳ ተሸጠች። ከዚያ በኋላ ራምዚ ጭሰኞቹ ወደ ካናዳ እንዲሰደዱ የጉዞ ወጪያቸውን እየረዳ ላከ። በ1870 እንዴት እንደሆኑ ሊያይ ራሱ ካናዳ ድረስ ሄዷል። ደግነት ነበር ወይስ መሬቱን ለበግና ለሰፋፊ እርሻ ማስለቀቅ? ሁለቱም ሳይሆን አይቀርም። ለጭሰኛው ግን ልዩነቱ ጠባብ ነበር፤ ከመርከቡ ላይ ሆኖ የሚያየው ያንኑ የመብራት ማማ ነው።

በ1831 የአይላ ሕዝብ ወደ 15 ሺህ ይጠጋ ነበር። ዛሬ ከ3 ሺህ ትንሽ ይበልጣል። የዊስኪ ምርት ግን በዚያው ሁለት መቶ ዓመት ውስጥ ብዙ እጥፍ አድጓል። ደሴቷን የሚያውቅ ሁሉ «ዊስኪ ባይኖር ኖሮ አይላ ባዶ ትቀር ነበር» ይላል። እኔም አምናለሁ። ሆኖም ዊስኪው እያደገም ሕዝቡ ያነሰባት ደሴት መሆኗን አብሮ ማየት ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ጣዕሙ። ብቅል ምን እንደሆነ ለአማርኛ አንባቢ ማስረዳት አያሻም። ገብሱ ይነከራል፣ ተሸፍኖ ይበቅላል፣ ከዚያ እንዳይቀጥል ይደርቃል። በእኛ አገር የሚያደርቀው ፀሐይ ነው። አይላ ላይ ፀሐይ አይታመንም፤ ስለዚህ ብቅሉ በእሳት ይደርቃል። እንጨትም እንደልብ የለም። ያለው ፒት ነው። ፒት ማለት ረግረግ ውስጥ ለሺህ ዓመታት የተከማቸ ያልበሰበሰ የሣርና የሌሎች ትንንሽ ዕፅዋት ቅሪት ነው። እንደ ጡብ ተቆርጦ፣ ደርቆ ይነዳል። ሲነድ ከነበልባሉ ጭሱ ይበዛል፤ ጭሱም እርጥቡ ብቅል ላይ ይጣበቃል። የጠላ ጋን በወይራ ሲታጠን ሽታው እስከ መጨረሻው ኩባያ እንደሚዘልቅ ያወቀ ሰው የአይላን ዊስኪ ምስጢር በግማሽ አውቆታል። ልዩነቱ እዚህ የሚታጠነው ዕቃው ሳይሆን እህሉ መሆኑ ነው። ጭሱ በብቅሉ ላይ የሚተወው ፌኖል የሚባል ውሕድ በሚሊዮን እጅ ይለካል። ለምሳሌ አርድቤግ የሚጠቀምበት ብቅል ከሚሊዮን ወደ 55 እጅ አለው። ከብዙዎቹ የዋናው ምድር ፋብሪካዎች ጋር ሲነጻጸር እጅግ ከፍተኛ ነው፤ እነርሱ ጭስ ጭራሽ አይጠቀሙም። ሲቀምሱት ባሕር፣ ጥቀርሻ፣ አዮዲን፣ ሆስፒታል ይሸታል የሚሉ አሉ። ይህን የሚጠሉ ብዙ ናቸው፤ የሚወዱት ግን ሌላ አይለውጡበትም።

ቀድሞ እያንዳንዱ ፋብሪካ ብቅሉን በራሱ ወለል ላይ ዘርግቶ በእንጨት አካፋ እያገላበጠ ያዘጋጅ ነበር። ላፍሮይግና ቦሞር ዛሬም ከፊሉን እንዲህ ይሠራሉ። ሥራው ብዙ ጉልበት ይፈልጋል። በ1973 ፖርት ኤለን ላይ፣ ከአሮጌው ፋብሪካ አጠገብ፣ ትልቅ የብቅል ፋብሪካ ተሠራ። ገብሱ የሚበቅለው በሰባት ግዙፍ ተሽከርካሪ የብረት በርሜሎች ውስጥ ነው። ግራጫ፣ ረጅም፣ የሚያምር ነገር የሌለው ሕንጻ ነው፤ በቱሪስት ካርድ ላይ አይወጣም። ሆኖም በእኔ አመለካከት የከተማዋ እውነተኛ ቅርስ ከነጮቹ መጋዘኖች እኩል እርሱም ነው። ለምን እንደሆነ 1983 ይነግረናል።

በ1970ዎቹ የዊስኪ ኩባንያዎች ፍላጎቱ ለዘላለም የሚያድግ መስሏቸው ያለ ልክ አመረቱ። ዊስኪ ቢራ አይደለም፤ ዛሬ የሚወጣው የሚጠጣው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ስለዚህ ስህተቱ የሚታወቀው መጋዘኑ ከሞላ በኋላ ነው። የነዳጅ ቀውስ መጣ፣ ኢኮኖሚው ቆረፈደ፣ ጠጪው ወደ ቮድካና ወደ ወይን ዞረ። በስኮትላንድ የተጠራቀመውን በርሜል ብዛት ሰዎች «የዊስኪ ሐይቅ» አሉት። ትልቁ ኩባንያ ዲ.ሲ.ኤል. በ1983 ብቻ 11 ፋብሪካዎችን ዘጋ። አይላ ላይ ሦስት ነበሩት፦ ካኦል ኢላ፣ ላጋቩሊንና ፖርት ኤለን። ሦስቱም ጭስ የሚሸት ዊስኪ ነው የሚያወጡት፤ ያም በዋነኛነት ለቅልቅል ዊስኪዎች ማጣፈጫ ነበር። ሦስት ማጣፈጫ አያስፈልግም ተባለ። ካኦል ኢላ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ፈርሶ በትልቁ የታነጸ ነው፤ ላጋቩሊን ዋይት ሆርስ ለሚባለው ቅልቅል ልቡ ነበር። የሚዘጋው ፖርት ኤለን ሆነ። ጥፋት ስለተገኘበት ወይም ዊስኪው መጥፎ ስለሆነ አልተዘጋም፤ በአንድ የሒሳብ ሠንጠረዥ ላይ ሦስተኛ ስለነበረ ነው።

በዚያው ዘመን አርድቤግ ከ1981 እስከ 1989 ተዘጋ። ቡናሃቨንም ለሁለት ዓመት ያህል ቆመ። ላጋቩሊን በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ የሚሠራበት ጊዜ ነበር። ደሴቷ ላይ የደረሰው ድንጋጤ ከቁጥር በላይ ነው፤ በአንድ ትንሽ ማኅበረሰብ ውስጥ አንድ ፋብሪካ ሲዘጋ የሚጎዳው ደመወዝተኛው ብቻ አይደለም። ሱቁ፣ የእግር ኳስ ቡድኑ፣ የትምህርት ቤቱ ክፍል ሁሉ ሰው ይጎድለዋል።

ቀጥሎ የብቅል ፋብሪካውም ሊዘጋ አፋፍ ላይ ደረሰ። ለማን ብቅል ይሠራ? በ1987 የአይላና የጎረቤቷ የጁራ ደሴት ፋብሪካዎች ተሰብስበው ብቅላቸውን ከፖርት ኤለን ለመውሰድ ተስማሙ። ስምምነቱ በኢንዱስትሪው ውስጥ የአይላ ኮንኮርዳት ይባላል። በገበያ የሚፎካከሩ ኩባንያዎች፣ ከሌላ ቦታ በርካሽ ሊያገኙ የሚችሉትን ዕቃ፣ የአንዲትን ከተማ ሥራ ለማትረፍ ሲሉ ከዚያው ለመግዛት ተፈራረሙ። ስለ አይላ ካነበብኩት ሁሉ በጣም የማከብረው ይህን ነው። መሥሪያው ተረፈ። የደሴቷ ብዙዎቹ ፋብሪካዎች ያንን ጭስ ከፖርት ኤለን ሲወስዱ ኖረዋል። ከተማዋ የራሷ ዊስኪ ባልነበራት በእነዚያ አራት አስርት ዓመታት የሌሎቹ ዊስኪ ውስጥ ነበረች።

የፋብሪካው መዘጋት ሌላም ያልታሰበ ነገር አመጣ። በመጋዘን የቀሩት በርሜሎች እያረጁ ሲሄዱ ጣዕማቸው የሚደነቅ ሆነ። ዳግመኛ እንደማይመረት ስለታወቀም እያንዳንዱ ጠርሙስ እንደ ቅርስ መታየት ጀመረ። ባለቤቱ ኩባንያ፣ ያኔ ስሙ ዲያጂዮ ሆኗል፣ ከ2001 ጀምሮ በየዓመቱ ጥቂት ጠርሙሶች ያወጣ ነበር። ዋጋው በየዓመቱ ወጣ፤ መጨረሻ ላይ አንዱ ጠርሙስ በሺህ የሚቆጠር ፓውንድ ሆነ። በ1983 ገዢ የጠፋለት መጠጥ ሀብታሞች በጨረታ የሚሻሙበት ሆነ ማለት ነው። የተዘጋ ፋብሪካ ከተከፈተው የበለጠ ስም ያተረፈበት ሌላ ምሳሌ ጥቂት ነው።

ያ ስም ነው የ2017ቱን ውሳኔ ያመጣው። ዲያጂዮ ፖርት ኤለንንና በዋናው ምድር ሰሜን ያለውን፣ እንደ እርሱ በ1983 የተዘጋውን ብሮራን መልሶ ለመክፈት 35 ሚሊዮን ፓውንድ እንደሚያወጣ አስታወቀ። ከአሮጌው የቀረው ጥቂት ስለነበር አብዛኛው ከባዶ የተሠራ ነው። ሁለቱ ትልልቅ የመዳብ ማንጠሪያዎች የድሮዎቹን ቅርጽ ተከትለው ተቀረጹ፤ ከጎናቸው ለሙከራ የሚሆን ሁለት ትንንሽ ተጨመረ። ሥራው በጥንቃቄ የተሠራ ነው፤ ይህን መካድ አይገባም። ለከተማዋም ኩራት ሆኗል። ስሟን የተሸከመ ፋብሪካ ተዘግቶ ማየትን የለመደ ነዋሪ ጭስ ሲወጣ ሲያይ ምን እንደሚሰማው መገመት አያቅትም።

ጥያቄው ከዚህ በኋላ ነው። የአብዛኞቹን የአይላ ፋብሪካዎች ባለቤቶች እንቁጠር። ላጋቩሊን፣ ካኦል ኢላና ፖርት ኤለን የለንደኑ የዲያጂዮ ናቸው። ላፍሮይግና ቦሞር የጃፓኑ የሰንቶሪ። አርድቤግ የፓሪሱ የኤል.ቪ.ኤም.ኤች.። ብሩክላዲ ከ2012 ጀምሮ የፈረንሳዩ የረሚ ኳንትሮ። በቤተሰብ እጅ ያሉት በ2005 በእርሻ ቦታ ላይ የተጀመረው ኪልሆማንና የግላስጎው ቤተሰብ የሆነው አርድናሆ ናቸው። ከደሴቷ ውጭ ያለ ባለቤት በራሱ ክፉ ነገር አይደለም፤ አርድቤግ በ1997 በዋናው ምድር ኩባንያ በግሌንሞራንጂ ባይገዛ ኖሮ ዛሬ ፍርስራሽ ሊሆን ይችል ነበር። ነገር ግን ገበያው ሲጠብ የትኛው ይዘጋ የሚለው ውይይት የሚካሄደው የደሴቷ ሰው በማይገኝበት ክፍል ውስጥ ነው።

ሌላም ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። አይላ ላይ ከሚወጣው መጠጥ ብዙው ደሴቷ ላይ አያረጅም። ከማንጠሪያው እንደወጣ በቦቴ መኪና ተጭኖ በፌሪ ወደ ዋናው ምድር ይሄዳል፤ በርሜል የሚገባውም፣ በጠርሙስ የሚሞላውም እዚያ ነው። ሕጉ የሚያዝዘው በስኮትላንድ ምድር፣ በኦክ በርሜል፣ ቢያንስ 3 ዓመት እንዲቆይ ነው፤ በየት ቦታ እንደሆነ አይልም። ብሩክላዲና ኪልሆማን የተለዩት በዚህ ነው። ጠርሙስ መሙላቱን እዚያው ያደርጉታል፤ ኪልሆማን አንዱን ምርቱን ከገብስ ማሳው እስከ ጠርሙሱ አይላ ላይ ይጨርሰዋል። ዘመናዊ ፋብሪካ ብዙ ሰው አያስፈልገውም፤ ማንጠሪያውን ከስክሪን ፊት ሆኖ አንድ ሰው ሊቆጣጠረው ይችላል። ሰው የሚቀጥሩት ብቅል መሥራት፣ በርሜል መጠገን፣ መጋዘን፣ ጠርሙስ መሙላትና እንግዳ ማስተናገድ ናቸው። ስለዚህ «አዲስ ፋብሪካ ተከፈተ» ሲባል መጠየቅ ያለበት በዓመት ስንት ሊትር ያወጣል የሚለው ብቻ አይደለም። ከሥራው ስንቱ ደሴቷ ላይ ይቀራል?

የቀረጡም ነገር እንዲሁ ነው። በብሪታንያ በፌብሩዋሪ 2025 በአንድ ሊትር ንጹሕ አልኮል ላይ የሚጣለው ኤክሳይስ 32.79 ፓውንድ ሆኖ ነበር። በአንድ ተራ፣ 40 በመቶ አልኮል ባለው የ70 ሳንቲ ሊትር ጠርሙስ ላይ ሲሰላ 9 ፓውንድ ከ18 ሳንቲም ይሆን ነበር፤ የሽያጭ ታክሱ ሲጨመር ከዚያም ይበልጣል። ገንዘቡ ለንደን ላለው ግምጃ ቤት ይገባል። አይላ ላይ ስለተመረተ ተብሎ ለደሴቷ መንገድ ወይም ለክሊኒኳ የሚመለስ ድርሻ በሕጉ ውስጥ የለም።

መንገዱን ካነሣን፣ መርከቡን ማንሣት ግድ ነው። ወደ አይላ የሚወስደው ፌሪ ከዋናው ምድር ከኬናክሬግ ተነሥቶ ፖርት ኤለን ወይም ፖርት አስኬግ ይደርሳል፤ ሁለት ሰዓት ያህል ይፈጃል። በዚያች አንዲት መርከብ ውስጥ ሐኪም ቤት የሚሄድ በሽተኛ፣ ቱሪስት፣ የገብስ ካሚዮን፣ ባዶ በርሜል የጫነ ተጎታች፣ የዊስኪ ቦቴ፣ የሱቅ ዳቦ ሁሉም ይጋፋሉ። ደሴቷ ከጋዝ መስመር ጋር ስላልተያያዘች የፋብሪካዎቹ ነዳጅም በመርከብ ይመጣል። የመንግሥት የሆነው ካልማክ የሚያሰማራቸው መርከቦች ብዙዎቹ አርጅተዋል። አንዷ ስትበላሽ ሌላዋን ከሌላ ደሴት ያመጣሉ፤ ያኛዋ ደሴት በተራዋ ትጎዳለች። ለአይላ አዳዲስ መርከቦች የታዘዙት ከቱርክ የመርከብ ማምረቻ ነው። የመጀመሪያዋ፣ «የአይላ ደሴት» የተባለችው፣ 450 መንገደኛና 100 መኪና ወይም 14 ትልልቅ የጭነት መኪና ትይዛለች። ማርች 2024 ላይ፣ ፋብሪካው በተከፈተበት በዚያው ወር፣ ውሃ ላይ ወረደች። አገልግሎት የምትጀምርበት ቀን ግን መጀመሪያ ከተባለው ከ2024 መጨረሻ አልፎ ተራዘመ። ዊስኪ ፋብሪካ ለመሥራት ገንዘብ ሲፈለግ ይገኛል፤ የደሴቷ ሰው ቀጠሮውን ሳያመልጠው ሐኪም ቤት የሚደርስበት መርከብ ግን ዓመታት ይወስዳል። ይህ አይገባኝም፤ ሊገባኝም አልፈልግም።

ቤት ደግሞ ከመርከቡ የባሰ ነው። አይላ የምትተዳደርበት የአርጋይልና ቢዩት ምክር ቤት በጁን 2023 የቤት ችግር አስቸኳይ ሁኔታ አወጀ፤ በስኮትላንድ የመጀመሪያው ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ደሴቷ ስሟ በገነነ ቁጥር የዕረፍት ቤት ፈላጊው በዛ። አንድ ቤት ለቱሪስት በሳምንት ሲከራይ የሚያስገኘው፣ የአገሩ ወጣት በወር ሊከፍል ከሚችለው ጋር አይወዳደርም። ፋብሪካዎቹ ሠራተኛ ይፈልጋሉ፣ ሆቴሎቹ ይፈልጋሉ፣ ትምህርት ቤቱ ይፈልጋል፤ የሚመጣው ሰው ግን የሚያድርበት የለውም። ከፖርት ኤለን ወጣ ብሎ ያለው አዲሱ የፖርቲንትሩዋን ፋብሪካ በዕቅዱ ውስጥ የሠራተኛ መኖሪያ ቤቶችንም አካቷል። ትክክለኛ አካሄድ ነው፤ ለሌሎቹም ፈቃድ ሲሰጥ ቅድመ ሁኔታ ሊሆን ይገባዋል ብዬ አምናለሁ። ሌላው አዲስ ፋብሪካ ላጋን ቤይም በዚያው በደቡቡ አካባቢ ነው። ሰው ሳይጨመር ፋብሪካ ብቻ እየተጨመረ መሄድ አይችልም።

በዚህ ላይ ገበያው ተለወጠ። በ2024 የስኮትላንድ ዊስኪ ኤክስፖርት 5.4 ቢሊዮን ፓውንድ ነበር፤ ከቀደመው ዓመት በ3.7 በመቶ ቀንሷል። የጠርሙሱ ቁጥር ግን ጨምሯል፣ ወደ 1.4 ቢሊዮን ደርሷል። ብዙ ጠርሙስ፣ ትንሽ ገንዘብ ማለት ሰው ወደ ርካሹ ወርዷል ማለት ነው። አይላ ደግሞ የምትኖረው በውዱ፣ ከአንድ ፋብሪካ ብቻ በሚወጣው የብቅል ዊስኪ፣ በሲንግል ሞልቱ ነው። በገንዘብ ትልቋ ገዢ አሜሪካ ነች፤ በ2019 መጨረሻ በሲንግል ሞልት ላይ 25 በመቶ ቀረጥ ጥላ በ2021 አንሥታው ነበር። በኤፕሪል 2025 ደግሞ ከብሪታንያ በሚገባው ዕቃ ላይ፣ ዊስኪውንም ጨምሮ፣ 10 በመቶ ጣለች። በሌላ በኩል በጁላይ 2025 የተፈረመው የብሪታንያና የሕንድ የንግድ ስምምነት ሕንድ የምትጥለውን 150 በመቶ ቀረጥ መጀመሪያ ወደ 75፣ በአሥር ዓመት ውስጥ ወደ 40 ያወርደዋል። ትልቅ ተስፋ ነው። ነገር ግን ሕንድ በብዛት የምትገዛው ርካሹን ቅልቅል ስለሆነ፣ ተስፋው ፖርት ኤለን እስኪደርስ ጊዜ ይወስዳል።

ታዲያ 1983 ሊደገም ይችላል? አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። ያኔ የአይላ ዊስኪ ለሌሎች ማጣፈጫ ነበር፤ ዛሬ በራሱ ስም የሚፈለግ ነው። ከመዘጋቱ በኋላ በ1980ዎቹ አጋማሽ የደሴቷ ሰዎች ለጌሊክ ቋንቋቸውና ለሙዚቃቸው ብለው የጀመሩት ፌሽ ኢለ የተባለው በዓል ዛሬ በየዓመቱ ሜይ መጨረሻ ላይ ከመላው ዓለም ሰው ይጠራል፤ ፋብሪካዎቹም በየተራ አንድ አንድ ቀን ይዘውታል። ይህ ዝና መከላከያ ነው። መመሳሰሉም ግን ያንኑ ያህል ነው። ያኔም እንዳሁኑ አምራቾቹ ያሰፉት ፍላጎቱ ጫፍ ላይ በነበረ ጊዜ ነው፤ ያኔም እንዳሁኑ መጋዘኑ ሞልቶ ነበር። ዲያጂዮ ራሱ በ2025 በዋናው ምድር ባሉት አንዳንድ ማምረቻዎቹ ምርት ለጊዜው አቁሞ ነበር። ፖርት ኤለን ትንሽና ስመ ጥር ስለሆነ ከቀዳሚዎቹ ተቆራጮች አይሆንም ብዬ እገምታለሁ። በዋጋ መውደቅ ይበልጥ የሚጋለጡት ገና ስም ያላወጡት አዳዲሶቹ ናቸው።

ፒቱንም ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። ፒት በዓመት የሚያድገው በአንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ አንድ ሜትር ውፍረት ያለው ረግረግ የሺህ ዓመት ሥራ ነው። በውስጡም ብዙ ካርቦን ያምቃል፤ ሲቆፈርና ሲደርቅ ይለቀዋል። የስኮትላንድ መንግሥት ለጓሮ አትክልት የሚሸጠውን ፒት ስለ መከልከል በ2023 የሕዝብ አስተያየት ሰብስቧል። የዊስኪው ኢንዱስትሪ የሚጠቀመው በብሪታንያ ከሚወጣው ወደ 1 በመቶ ብቻ መሆኑን ይናገራል። ለማነጻጸር ያህል ትክክል ነው፤ ግን መጠኑ ትንሽ መሆኑ ሥራውን ነጻ አያወጣም። ከሚቆፈረው በላይ የደረቀ ረግረግን መልሶ ማርጠብና መጠገን የአምራቾቹ ኃላፊነት ነው። ጭሱ የሌለበት የአይላ ዊስኪ ይኖራል፤ ቡናሃቨን ለብዙ ዓመታት እንዲያ ሠርቷል። የደቡቡ ጠረፍ ግን ያለ ፒት ማንነቱን ያጣል።

በ2024 ጸደይ ከፖርት ኤለን ማንጠሪያ የወጣው የመጀመሪያው መጠጥ ዊስኪ ተብሎ ሊሸጥ የሚችለው ቢቀድም በ2027 ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ይቆይ ከተባለ 2036 ይሆናል። ለበርሜሉ የተያዘለት ዕቅድ እስከዚያ ድረስ የሚዘልቅ ነው፤ ኩባንያው መጋዘኑንም ገበያውንም አስቀድሞ አስልቷል። ፖርት ኤለን ላይ ቤት አጥቶ ሻንጣውን ይዞ ፌሪውን የሚጠብቀው የሃያ ዓመት ወጣት ግን እስከ 2036 የሚዘልቅ ዕቅድ የያዘለት የለም።